«ቀጥሎስ?» የሚሉት ሰው

ልብስ ሰፊዋ አስካለ የደወለችልኝ ፍራንክፈርት፣ ሪድበርግ ሰፈር ውስጥ የአንድ አዲስ ሕንፃ ምረቃ እየዘገብኩ ሳለ ነው። ንግግሩ አላልቅ ብሎ ስለነበር ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ስልኩን አነሳሁት። ሰላምታም አላቀረበችም።

«ጋሽ ይርዳው ጨረሱ» አለች።

ሞቱ አላለችም፤ አረፉም አላለችም። ቃሉን ሁለታችንም ከራሳቸው ስለተማርነው ሌላ ቃል አላስፈለገንም።

«እንዴት ጨረሱ?» አልኳት።

ለሌላ ሟች ቢሆን ይህ ጥያቄ ነውር ነው። አስካለ ግን ስትጠብቀው እንደነበር ሁሉ ወዲያው መለሰች። «በደህና። እንደተመኙት ነው የጨረሱት። እንግዲህ ጻፍ።»

በመስኮቱ በኩል የጊንሃይም የቴሌኮም ማማ ከጭጋጉ በላይ ቁንጮው ብቻ ይታይ ነበር። እዚያው ቆሜ ትንፋሼን በረጅሙ ለቀቅሁ። ሐዘኑ በማግሥቱ መጣ። ያን ሰዓት የተሰማኝ ግን ሩቅ መንገድ የሄደ ዘመድ በሰላም ገባ ሲባል የሚሰማው ዓይነት እፎይታ ነው። ለምን እንዲያ እንደተሰማኝ ለማስረዳት ከመጀመሪያው መነሳት አለብኝ።

ጋሽ ይርዳውን ያወቅኋቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በጀርመን ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለምትታተም አንዲት ትንሽ መጽሔት እሠራ ነበር። ጊንሃይም ሰፈር ውስጥ፣ አንድ የጀርመን ደብር በሚያውሰው አዳራሽ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ሰው ተሰብስቦ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባል ሲሉኝ ልዘግብ ሄድኩ። ስብከት የለም፤ መዝሙርም የለም። አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል፣ ከዚያ ይጠያየቃሉ። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም አንድ ላይ ይቀመጣል። አየር ማረፊያ ሻንጣ የሚጭኑ፣ አረጋውያን የሚንከባከቡ፣ መሀል ከተማ ቢሮ የሚያጸዱ ወጣቶች ከነሥራ ልብሳቸው ይመጣሉ። በተማሪነት መጥተው እዚሁ ያረጁ ሰዎችም አሉ።

ያን ዕለት የተነበበው የንጉሥ ሕዝቅያስ ታሪክ ነበር። ንጉሡ ታሞ ለሞት ይደርሳል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያለቅሳል፣ እግዚአብሔርም ዕድሜ ይጨምርለታል። አንባቢው እዚያ ላይ ሲደርስ ብዙው ሰው «ተመስገን» አለ፤ አንዳንዱም መጽሐፉን አጠፈ። በዚህ ጊዜ ከመጨረሻው ረድፍ አንድ ጎርናና፣ የማይቸኩል ድምፅ መጣ።

«ቀጥሎስ?»

ቀጥሎ ያለው የባቢሎን መልእክተኞች መምጣት ነው። ከሞት የተረፈው ንጉሥ ግምጃ ቤቱን ከፍቶ ብሩን፣ ወርቁን፣ የጦር ዕቃውን አንድ ሳያስቀር ያሳያቸዋል። ነቢዩም መጥቶ፣ ይህ ሁሉ አንድ ቀን ወደ ባቢሎን ይጋዛል ይለዋል። መጽሐፋቸውን ያጠፉት መልሰው ገለጡት።

«አያችሁ?» አሉ ሰውየው። «በሽታው አልጣለውም። መዳኑ ነው የጣለው።»

ዞሬ አየኋቸው። አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ጣቶቻቸው እንደ መካኒክ የደነደኑ ሰው ናቸው። ወደ ፍራንክፈርት የመጡት ምህንድስና ሊማሩ ነበር፤ አገር ቤት መንግሥት ሲለወጥ የትምህርት ድጎማቸው ተቋርጦ ሊፍት ጠጋኝ ሆኑ፣ በዚያው ጡረታ ወጡ። የከተማውን ሰማይ ጠቀስ ፎቆች ከውጭ እንደማያውቋቸው ይናገሩ ነበር። «እኔ ከሆዳቸው ነው የማውቃቸው» ይሉና ይስቃሉ። «ሰው ሊፍት ሲገባ የሚያስበው ወደ ላይ ስለ መውጣቱ ነው። እኔን እንጀራ ያበላኝ ፍሬኑ ነው። ከፍ ማለት ኃጢአት አይደለም ልጆቼ፤ ፍሬንህን ፈትሽ ነው የምለው።»

እሳቸው ባሉበት ማንም ታሪክ ሰው በወደደው ቦታ ላይ አያልቅም። ኖኅ ከመርከብ ወጥቶ መሥዋዕት ሲያቀርብ፣ «ቀጥሎስ?» ይላሉ፤ ወይኑና ስካሩ ይመጣል። ንጉሥ ዖዝያን ግንብ ሠርቶ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ስሙ እስከ ሩቅ ሲሰማ፣ «ቀጥሎስ?»፤ ልቡ ታብዮ ያልተሰጠውን ዕጣን ሊያጥን መቅደስ ይገባል፣ ግንባሩ ላይ ለምጽ ይወጣበታል። ግን ውድቀት ላይም አያስቆሙም ነበር። ናቡከደነፆር እንደ በሬ ሣር ሲበላ አንድ ወጣት «ይበለው!» ብሎ ሊዘጋ ሲል፣ «ቀጥሎስ?» አሉት። ቀጥሎ ንጉሡ ዓይኑን ወደ ሰማይ አነሳ፣ አእምሮውም ተመለሰለት። ወጣቶቹ ከኋላቸው «ጋሽ ቀጥሎ» ይሏቸው ነበር። ያውቃሉ። አይቆጡም።

ስለ እሳቸው ልጽፍ ፈለግሁ። ስጠይቃቸው ሳቁ።

«መጽሐፈ ሲራክ ምን ይላል? ሰውን ሳይሞት አታመስግነው ይላል።»

አጠገባችን የነበረ ጴንጤ ወጣት ጣልቃ ገባ። «ጋሽ ይርዳው፣ ሲራክ እኛ ጋ የለም እኮ።»

«ሲራክ እናንተ ጋ ባይኖር፣ ሞት እናንተም ጋ አለ» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ጋዜጠኛ፣ ስጨርስ ጻፍ» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ወደ ትራም ፌርማታው ስንሄድ ነገሩኝ። ልጅ ሳሉ ንባብ ያስተማሯቸው መሪጌታ ነበሩ። ጾመኛ፣ ድኻ ወዳድ፣ አገር የሚምልባቸው ሰው። በስተርጅና አንድ በዓል ላይ መቀመጫቸው ከሌላ መሪጌታ ኋላ ተደረገ። ተነሥተው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብሩን አልረገጡም፤ ያን ሰው ሰላም ሳይሉ፣ የደብሩንም ልጆች ሳያስተምሩ ሞቱ።

«ዕድሜ ልካቸውን ያነበቡትን ወንበር በላው» አሉኝ ጋሽ ይርዳው። «እኔ ልጅ ነኝ፣ ቀብራቸው ላይ ቆሜያለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምጸልየው አንድ ነገር ነው፤ ጌታ ሆይ፣ መጀመርስ ጀምሬያለሁ፣ አጨራረሴን አደራ። ሌላ የምፈራው ነገር የለኝም።»

ትራሙ መጣ፣ ገቡ። እኔም ያሉኝን አክብሬ ሳልጽፍ ቆየሁ፤ ሐሙስ ሐሙስ ግን መሄድ አላቋረጥኩም።

ከዓመታት በኋላ የሐሙሱ ንባብ ማኅበር የተመሠረተበትን ቀን ሊያከብር ወሰነ። እኛ ሰው ስናከብር ካባ እናለብሳለን። ሯጭም ይሁን ዶክተር፣ ዘፋኝም ይሁን ዲያቆን፣ ካባ ካልወረደበት የተከበረ አይመስለንም። ኮሚቴው ለጋሽ ይርዳው ካባ ይሰፋላቸው አለ። ሰፊዋ አስካለ ነበረች። ጊንሃይም ውስጥ ሱሪ የምታሳጥርበት፣ ዚፕ የምትቀይርበት ትንሽ ሱቅ አላት። ኮታቸውን ስትጠግን ስለኖረች የትከሻቸውን ልክ በቃሏ ታውቀዋለች። ጥቁር ከፋይ ገዝታ፣ ክረምቱን ሙሉ ሱቋን እየዘጋች ጠርዙን በወርቅማ ክር በእጇ ጠለፈችው።

በዓሉ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ስማቸው ተጠራ። አስካለ ካባውን በሁለት ክንዷ ላይ ዘርግታ መጣች። ጋሽ ይርዳው ቆሙ፣ ካባውን አዩት፣ እጃቸውን አንሥተው መለሱት።

ከዚያም በዚያ ድምፃቸው የጌዴዎንን ቃል ተናገሩ። ጌዴዎን ምድያምን ካሸነፈ በኋላ ሕዝቡ ንገሥልን ሲለው የመለሰውን ነው፤ እኔ አልገዛችሁም፣ ልጄም አይገዛችሁም፣ እግዚአብሔር ይገዛችኋል ያለውን። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ሰዎች አለቀሱ። እኔ በሙያ ልማድ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ሲያይ ሌላውን ነው የማየው። አስካለ ካባውን እንደተሸከመች መሀል ላይ ቆማ ቀርታለች። ኋላ አጣጥፋው ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ከእኔ በቀር ያን ያየ አልነበረም።

ወሬው ከፍራንክፈርት ወጣ። ከማንሃይም ጠሯቸው፤ ከኮሎኝም ጠሯቸው። በየሄዱበት «ካባ እምቢ ያሉት አባት» ተብለው ይተዋወቃሉ። መጀመሪያ ያፍሩ ነበር። ቆይቶ ታሪኩን ራሳቸው መናገር ጀመሩ፤ እጃቸውን ያነሡበትን ቦታ ሳይቀር እያሳዩ። ሐሙስ ሲመጡም ከመጨረሻው ረድፍ ወደ ፊተኛው ተዛወሩ። ጆሯቸው ስለደከመ መስሎኝ ነበር። «ቀጥሎስ?» የምትለዋ ቃልም እየራቀች ሄደች።

አንድ ቀን ስልክ ደወሉ። «አንተ ጋዜጠኛ፣ ያን ጽሑፍ አሁን ብንጽፈው ምን ይመስልሃል?»

ደነገጥኩ። ግን ሥራዬ ነውና መቅጃዬን ይዤ ሄድኩ። ኮሎኝ ለሚያደርጉት ንግግር ሙሉ ልብሳቸውን እያስተካከሉ ስለነበር የተገናኘነው አስካለ ሱቅ ነው። እሷ ተንበርክካ የሱሪያቸውን ጫፍ በመርፌ ቁልፍ ትይዛለች። እሳቸው እንደቆሙ ታሪኩን ጀመሩ፤ ካባው መጣ፣ እጄን አነሳሁ፣ እንዲህ አልኩ፣ እልል ተባለ።

አስካለ የመርፌ ቁልፎቹን ከአፏ አወጣች።

«ቀጥሎስ?» አለች።

«ምኑ ቀጥሎ?» አሏት።

«ከጌዴዎን ቀጥሎ። እኛን ሁልጊዜ ቀጥሉ ይሉናል። ያን ቀን እርስዎ እዚያው አቆሙ። እኔ ቤቴ ሄጄ አነበብኩት።»

ጋሽ ይርዳው ከቦርሳቸው መጽሐፋቸውን አወጡ። መሳፍንት ምዕራፍ ስምንትን ቆመው ከፈቱና ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ንግሥናውን እምቢ ያለው ጌዴዎን ወዲያው፣ አንዲት ነገር ልለምናችሁ አለ፤ ከምርኮው ጉትቻ ስጡኝ አለ። በወርቁም ኤፉድ ሠርቶ በከተማው አኖረው። እስራኤል ሁሉ ተከተለው፤ ለጌዴዎንና ለቤቱም ወጥመድ ሆነ። እዚህ ላይ ድምፃቸው ወረደ።

«ኤፉድ ልብስ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የክህነት ልብስ ነው። ዘውዱን እምቢ ብሎ ልብስ ሠራ።» ወደ እኔ አዩ። «እኔም ካባውን እምቢ ብዬ እምቢታዬን ለበስኩት። ይኸው ለብሼው ኮሎኝ ልሄድ ነው።»

«እኔ ስለ ኤፉዱ አይደለም የምናገረው» አለች አስካለ። «ክረምቱን ሙሉ ዓይኔን አፈሰስኩበት። ጋሽ ይርዳው ይሞቃቸዋል ብዬ ገበሩን እንኳ ሁለት ጊዜ ፈትቼ ነው የሰፋሁት። ካባውን ይጥሉት፤ ሰፊዋ ምን አደረገችዎ? ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብልዎ ሬሳ እንደያዘ ሰው መሀል ቆሜ ቀረሁ እኮ!»

ብዙ ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ ሲጋለጥ አይቻለሁ። አብዛኛው ያስተባብላል፤ ጥቂቱ ይቆጣል። ጋሽ ይርዳው ግማሽ ሱሪያቸው በመርፌ ቁልፍ እንደተያዘ ዝቅ ብለው ሊንበረከኩ ሞከሩ። አስካለ ጮኸች። «ኧረ መርፌው! እግርዎን ይወጋዎታል!»

«ይውጋኝ። ይቅር በዪኝ፣ አስካለ። አላየሁሽም። ያን ቀን አንድም ሰው አላየሁም፤ ያየሁት ራሴን ነው።» ከዚያ፣ «ካባው አለ?» አሉ።

«የት ይሄዳል?» ከክረምት ካፖርቶቹ ኋላ በላስቲክ ተሸፍኖ ተሰቅሎ ነበር። «አሁን ሊለብሱት? በዓሉ እኮ አልፏል። የሚያጨበጭብልዎ የለም።»

«ለዚያው ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «መቅጃህን አጥፋ። ገና አልጨረስኩም።»

አጠፋሁት። የኮሎኙንም ጉዞ ሰረዙ።

ካባውን በሚቀጥለው ሐሙስ ሊለብሱ ቃል ገቡ። በከረጢት ይዘው መጥተው አዳራሽ ውስጥ ማድረግ ይችሉ ነበር፤ እንደ መደበቅ ቆጠሩት። ከቤታቸው ከቦከንሃይም ለብሰው በትራም እንደሚመጡ ነገሩኝ፤ አብሬያቸው እንድሄድም ጠየቁኝ። ብቻቸውን ሆነው ሰው ሲያያቸው መመለስ እንዳያምራቸው ነው። ሁለታችንም ያላሰብነው ነገር ግን ነበር፤ ቀን መቁጠሪያውን አላየንም።

ያ ሐሙስ ፋሺንግ ነበር። ጀርመኖች ከጾማቸው በፊት ልዩ ልዩ ልብስ ለብሰው የሚጨፍሩበት በዓል። ጋሽ ይርዳው በጥቁር ከፋይ፣ በወርቅማ ጥልፍ፣ እንደ ሞት ፍርደኛ ፊታቸውን አጥቁረው ትራሙ ውስጥ ሲገቡ እንደ ወትሮው የለበሰ ሰው አልነበረም። አንድ የባሕር ወንበዴ፣ ሁለት ንቦች፣ የድመት ጆሮ ያደረገች ሴትዮ። ሴትዮዋ ስታያቸው ብድግ አለች።

«ማየስቴት!» አለችና ወንበሯን ለቀቀችላቸው። ግርማዊነትዎ ማለቷ ነው። ወንበዴው ራሳቸው ላይ የተቆራረጠ ባለቀለም ወረቀት በተነባቸው። ንቦቹ አጨበጨቡ።

ጋሽ ይርዳው አዩኝ፤ አየኋቸው። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በሳቅ ፈነዱ። እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ።

«እኔ ልዋረድ ወጣሁ» አሉ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ «እነሱ አነገሡኝ! ሰው መዋረድን እንኳ በራሱ ፕሮግራም አያገኛትም እኮ!»

አዳራሽ ስንደርስ ወረቀቱ ጸጉራቸው ላይ ነበር። አንዱ ሊያጨበጭብ ጀምሮ ተወው። የጌዴዎንን ምዕራፍ ቆመው እስከ መጨረሻው አነበቡ። «በዓሉ ቀን የዘለልኩት ይህን ነው» አሉ። አስካለን በስሟ ጠርተው አመሰገኑ። ከዚያ ወደ መጨረሻው ረድፍ ሄደው፣ ከነካባቸው እያላባቸው እስኪያልቅ ተቀመጡ። አስካለ ከጎናቸው አንገቷን ዘንበል አድርጋ ስታይ ቆይታ፣ «ትከሻው ጠቧል፤ ያምጡት፣ ላሰፋው» አለች።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ሐሙስ አለፈ። ንባቡ ሲያልቅ ድምፃቸው ከኋላ ይመጣ ነበር።

በሽታው ሲመጣ ሳንባቸው ላይ ነው የመጣው። መጨረሻ ላይ ፍሌገሃይም፣ ማለትም የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ገቡ። ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራሁላቸው። ሕመም ደግ ሰውን ሲያስመርረው አይቻለሁና። መሪጌታውም በወጣትነታቸው አይደለም የወደቁት።

ከሁሉ የከበዳቸው መልበስ ነበር። አንድ ወጣት ጀርመናዊ አስታማሚ ጠዋትና ማታ ሸሚዛቸውን ሊያለብሳቸው ይመጣል። እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያጣምሩና አይሰጡትም። ራሴ እለብሳለሁ እያሉ ከአንድ ቁልፍ ጋር ሲታገሉ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። አንድ ቀን ጮኹበት፤ ልጁም ፊቱ ቀልቶ ወጣ። አስካለ እዚያው ነበረች።

«ጋሽ ይርዳው» አለቻቸው፣ «ይሄም ካባ ነው። ልጁም እንደ እኔ ይዞት ቆሞ ቀረ።»

ፊታቸውን እንደ ሕዝቅያስ ወደ ግድግዳው አዞሩ።

የሐሙሱን ንባብ ተራ በተራ እየሄድን እናነብላቸው ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ተራዬ የደረሰው በአንድ ብሩህ ከሰዓት በኋላ ነው። የጴጥሮስን ክህደት እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ሰውየውን አላውቀውም እስከሚለው፣ ዶሮም እስኪጮኽ አነበብኩ። ቆምኩ።

«ቀጥሎስ?» አሉ። ድምፁ ሹክሹክታ ሆኗል። «ወደ ባሕሩ ዳር ሂድ።»

ገጾች ዘልዬ ሄድኩ። ጌታ ከተነሣ በኋላ በባሕሩ ዳር ከሰል አቀጣጥሎ፣ ዓሣ አዘጋጅቶ ሲጠብቃቸው። ጴጥሮስን ትወደኛለህን ብሎ ደጋግሞ ሲጠይቀው። ከዚያም ጎልማሳ ሳለህ ራስህ ታጥቀህ ወደ ወደድህበት ትሄድ ነበር፤ በሸመገልህ ጊዜ ግን እጆችህን ትዘረጋለህ፣ ሌላውም ያስታጥቅሃል ሲለው። ጋሽ ይርዳው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። «ተከተለኝ» የሚለው ላይ ደርሼ ልቀጥል ስል እጃቸውን አነሡ።

«እዚህ ላይ አቁም።»

በነዚያ ዓመታት ሁሉ ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም።

«ቀጥሎስ?» አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። «ቀጥሎ ጴጥሮስ ዞር ይላል። ሌላውን ደቀ መዝሙር አይቶ ይሄስ ምን ይሆናል ይላል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዞር ስል ኖርኩ። ማን አየኝ፣ ማን እልል አለ፣ ማን ከፊቴ ተቀመጠ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «አሁን አልዞርም። እዚህ ላይ ይበቃኛል።»

በሩ ተንኳኳ። ወጣቱ አስታማሚ ንጹሕ ሸሚዝ በክንዱ ላይ ይዞ፣ ይግባ አይግባ ሳያውቅ ደፉ ላይ ቆመ።

ጋሽ ይርዳው አዩት። ከዚያ ሁለት እጆቻቸውን ዘረጉለት።